ለእያንዳንዱ ፍቺ ምስክር

በ1974 ዓ.ም. በባሕር ዳር ከእኔ የተሻለ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው ቢኖርም እኔ አላየሁትም። ትምክህት አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ ትምክህት ነው። ዘጌ ከየኔታ ወልደ ገብርኤል ዘንድ ትርጓሜ መጻሕፍት ተምሬ፣ ከተማ ገብቼ ዐሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ የእንግሊዝኛውን መዝገበ ቃላት እንደ ዳዊት ደግሜዋለሁ።

አንድ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ከውጭ ለሚመጡ ባለሙያዎች አስተርጓሚ ሊቀጥር ነው ሲባል ሰባት ሆነን ተመዘገብን። እናቴ ወለተ ሚካኤል ጥጥ እየፈተለች ነው ያስተማረችኝ፤ አሁን ዓይኗ ደክሟል። ይህ ሥራ ካመለጠኝ እንዝርቱን የሚያስጥላት የለም። እንደሚያመልጠኝ ግን ለአፍታም አላሰብኩም።

ፈተናው ሐይቁ ዳር ካለው ቢሮ ነበር። ፈታኙ ጓድ አካሉ ቀደም ሲል እስር ቤት መዝገብ ይይዙ የነበሩ፣ ቁጥብ ሰው ናቸው።

«‹ስቲል› የሚለውን ቃል ከነአገባቡ አስረዳ» አሉኝ።

ከእኔ በፊት የገቡት «እስካሁን ማለት ነው» ብለው ወጥተዋል። እኔ ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ትርጓሜ ቤት ፍቺ ያለ ምስክር አይቆምም፤ ምስክሩም እውነት መሆን አለበት። ፈጥሮ የሚመሰክርን ተማሪ የኔታ ከጉባኤው ያስወጡት ነበር።

«አንድም ጸጥ ብሎ ማለት ነው፤ ምስክሩ፣ ዛሬ ጣና ጸጥ ብሎ ተኝቷል። አንድም ቢሆንም ማለት ነው፤ ምስክሩ፣ ታንኳችን አርጅቷል፣ ቢሆንም ዘጌ ያደርሳል። አንድም ይብሱን ማለት ነው፤ ምስክሩ፣ ትናንት ሞቆ ነበር፣ ዛሬ ይብሱን ሞቀ።» እያንዳንዱን በእንግሊዝኛ ደገምኩት።

ጓድ አካሉ ሳቅ አሉ። «ቅዳሴ አስመሰልከው እኮ! ዋናውን ረሳኸው?»

«አልረሳሁም፤ ለመጨረሻ አስቀመጥሁት እንጂ። አንድም እስካሁን ማለት ነው፤ ምስክሩ፣ ወንድሜ አምሐ በሰባ ዓመተ ምሕረት ተወሰደ፣ እስካሁን አልተመለሰም።»

ሳቃቸው ጠፋ። እኔም ፈራሁ።

«የአባቱ ስም ማን ነው?»

ነገርኳቸው። ብዕራቸውን አስቀምጠው በሩን አዩ፤ ድምፃቸውንም ዝቅ አደረጉ።

«ሌላ ምስክር አምጣ።»

«ጓድ፣ እውነት ነው እኮ ያልሁት።»

«እስካሁን አልመጣም የሚባለው ይመጣል ለሚባል ሰው ነው፣ ልጄ። ስሙን ከመዝገብ የሰረዝኩት እኔ ነኝ።»

ያ ሁሉ ኩራቴ የት እንደገባ አላውቅም። ጠረጴዛውን ይዤ ቆምኩ። እሳቸው ይጠብቃሉ።

«እናቴ» አልኩ በመጨረሻ፣ «እስካሁን ትጠብቀዋለች።»

አንገታቸውን ደፍተው ጻፉት።

በማግሥቱ አንደኛ ሆኜ ስሜ ተለጠፈ። ቤት ገብቼ ማለፌን ስነግራት እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። አገላብጣ ሳመችኝ።

«አምሐዬ ሲመጣ ይህን ቢሰማ እንዴት ደስ ይለው!» አለች።

«አዎ፣ እማዬ» አልኳት። «ደስ ይለዋል።»