የተራመደው የኑርዬ ድንኳን

ወላሂ! በሐይቃችን ዓሣ ሁሉ ልማል፣ አሁን የማወራችሁ ነገር ቅንጣት ውሸት የለበትም። ያላመነ ከሐይቅ ወደ ውጫሌ መውጫ ላይ ይውረድና ያገኘውን ሰው ይጠይቅ። ድንኳኑ በእግሩ ሄዷል። ከነለቀስተኛው!

«ይሄን ድንኳን ከመንገዱ ላይ አንሱልኝ!» አለች መስኡዳ።

ባሏ ኑርዬ በተቀበረ በማግስቱ ነው። ሰውየው የሞተው አልጋው ላይ፣ በሕመም ነው፤ መንገድ አይደለም የገደለው። ሴቶቹ ሐዘኑ ጭንቅላቷ ላይ የወጣ መሰላቸውና «አብሽሪ መስኡ፣ ሰብር አድርጊ» እያሉ ከበቧት። እሷ ግን ዓይኗ ውጭ ውጭውን ነው። ሐምሌ ግቢያቸውን ኩሬ ስላደረገው የቅሬው፣ የዕድራችን፣ ሰዎች ድንኳኑን ደጃፍ ላይ፣ ግማሹን አስፋልቱ ላይ ተክለውታል። እኛ አገር ለቅሶ መንገድ ቢዘጋ ማንም አይቆጣም። መኪናው ራሱ ሐዘንተኛ መስሎ፣ ቀስ ብሎ፣ ዞር ብሎ ያልፋል።

«ለቅሶው ሳያልቅ ድንኳን አይነቀልም» አለ ሽታው፣ የቅሬው ሊቀመንበር። ክርስቲያኑንም እስላሙንም ሲያስቀብር የኖረ፣ ደንብ የሚወድ ሰው ነው። «ድንጋይ ደርድረናል፣ ቅጠል አስረናል። ሌላ ምን እናድርግልሽ?»

«ሽታው ሙት፣ ዛሬ ገበያ ነው። ጉሙም ከሐይቁ እየተነሳ ነው። በዚህ ድንኳን ሰበብ ሰው ቢገጭ የገጨው ኑርዬ ነው። በሱ ስም ሰው እንዲሞት አልፈልግም!»

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳቁን ዋጠ። ኑርዬና ግጭት!

ኑርዬ ባጃጅ ነጂ ነበር፣ ነጂ ካላችሁት። ጉም በወረደ ቀን ሞተሩን ያጠፋና ወርዶ፣ ተሳፋሪውን እንዳስቀመጠ ባጃጁን ይገፋዋል። በአንድ እጁ መሪውን ይይዛል፣ በሌላው ጃንጥላውን ዘርግቶ መንገዱን እየነካካ ይሄዳል። «አያ ኑርዬ፣ እባክህ በእግሬ ልሂድ» ሲሉት «ተቀመጭ እቴ፣ የቸኮለ ሰው ባጃጅ ምን ያደርግለታል!» ይላል። ኤሊው ኑርዬ ይሉት ነበር። አንድ ቀን እውነተኛ ኤሊ ቀድማው አልፋ፣ አዝናለት ቆማ ጠብቃዋለች።

«የአክስቴ ልጅ ሙሽራ ሆና በሱ ባጃጅ ሄዳ የለ!» አለች ጎረቤቷ አሰገደች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ። «እሷ እስክትደርስ ሚዜዎቿ አግብተው ወልደው ጠበቋት።»

«አሰገደች ስታጋንኝ!» አለች መስኡዳ። «አንዷ ብቻ ናት የወለደችው።»

ሳቁ ፈነዳ። ዱዓ የሚያደርጉት ሸህ ሳይቀሩ ጢማቸውን ይዘው ተንቀጠቀጡ።

ሳቁ በረድ ሲል ጥግ ላይ ሀውራ የምትባል ልጅ ወደ ጓደኛዋ ጠጋ ብላ «ግን ፈሪ ነበር አይደል?» ብላ አንሾካሸከች። የመስኡዳ ጆሮ ደግሞ ጉንዳን ስታስነጥስ ይሰማል።

«ፈሪ?» አለች። «እኔን ሲያገኘኝ ፈሪ አልነበረም ልጄ። አይሱዙ እንደ ንፋስ ነበር የሚነዳው።»

ያኔ ልጃገረድ ናት። ገበያ ቀን ነው፣ ዶፍ ይጥላል። የመንገዱ ዳር ጭቃ ስለሆነ እንደ ሌላው ሰው አስፋልቱ ላይ ወጥታ፣ ጀሪካን ተሸክማ ትሄዳለች። ኑርዬ መታጠፊያውን ዞር ሲል አያትና ፍሬኑን ረገጠ። ረግጦ ምን ሊያመጣ! ጎማው ውኃው ላይ ተንሸራቶ መኪናው በጎኑ መጣ። መጣ፣ መጣና የሻሿ ጫፍ መብራቱ ላይ ሲለጠፍ ቆመ። መስኡዳ ጀሪካኑን አነሳችና የፊት መስታወቱን ዱቄት አደረገችው።

«ወርዶ ጭቃው ላይ ቁጭ አለ» አለች። «ይንቀጠቀጣል። የተረፍኩት እኔ፣ የማባብለው እኔ! በዚያው ቀን ቁልፉን ለባለመኪናው መለሰ። ሽማግሌ ይዞ እኛ ቤት ሲመጣ በእግሩ ነው የመጣው።»

 ቀና ብላ የድንኳኑን ጣሪያ የሚደበድበውን ዝናብ አየችና ቀጠለች።

«በዝናብ ቀን ጃንጥላውን ሲያነሳ ሁልጊዜ የሚላት ነገር ነበረች። ‘ዛሬ ዳሩ ጭቃ ነው፣ ሰው ወደ አስፋልቱ ይወጣል፤ ጎማ የሚያዳልጠውም ዛሬ ነው። አንዷ መስኡዳ እየመጣች ይሆናል’ ይለኝ ነበር። ሰውን ሁሉ መስኡዳ ነው የሚለው፣ ጺም ያለውንም።»

ይሄኔ ጉሙ ወረደ። እንዴት ያለ ጉም! አንዱ ለቀስተኛ የረጠበ ጋቢውን ጉሙ ላይ አሰጣው፣ ቆሞ ቀረ። ገበያተኛ ሴቶች ሸክማቸውን ይዘው ወደ ድንኳኑ ሲደርሱ ማለፊያ ያጡና ወደ መንገዱ መሐል ይወጣሉ። ከወዲያ በውጫሌ በኩል የአውቶቡስ ክላክስ ተሰማ። ሩቅ ነው፣ ግን ይመጣል።

መስኡዳ ብድግ ብላ የድንኳኑን ቋሚ በሁለት እጇ አነቀችው። «እናንተ ካልነካችሁት እኔ ይዤው እሄዳለሁ!»

ሰው ሁሉ ወደ ሽታው ዞረ። ሽታው አንዴ ወደ ጉሙ፣ አንዴ ወደ እሷ አየ። 

«ደንቡ የሚከለክለው መንቀል ነው» አለ በመጨረሻ። «መሸከምን የሚል አልሰማሁም። ያ ጀማዓ፣ ቋሚ ቋሚውን ያዙ!»

ከኩዌት የተመለሰው የመስኡዳ የወንድም ልጅ ሰዑድ የስልኩን መብራት አብርቶ፣ እንደ ትራፊክ ፖሊስ እጁን እያወዛወዘ ወደ ፊት ሮጠ። «ቢስሚላህ!» ሲባል ድንኳኑ ተነሳ። ዳሩ ጭቃ ነውና እኛም እንደ ሰው ሁሉ በአስፋልቱ ሄድን፣ ከፍ ብሎ ወዳለው የሣር ሜዳ። ሴቶቹ ምንጣፉንና ቴርሞሱን አቅፈው፣ ሸሁ ዱዓቸውን ሳያቋርጡ፣ እኛ ከሥር «አሚን! አሚን!» እያልን።

አውቶቡሱ መጣ። ሾፌሩ ያየውን አስቡት እስቲ፤ ከጉም ውስጥ የመቶ ሰው እግር ያለው ቤት አሚን እያለ ወደ እሱ ሲመጣ! ፍሬኑን ያዘ። ከተሳፋሪው ግማሹ ቢስሚላህ፣ ግማሹ በስመ አብ አለ። ሰዑድን አይቶ ቀድሞ ፍጥነቱን ባይቀንስ ኖሮ ዛሬ ይሄን የሚያወራችሁ አይኖርም ነበር።

ሜዳው ላይ ደርሰን ድንኳኑን ስናሳርፍ ሾፌሩ ከአውቶቡሱ ወርዶ መጣ።

«የማን ለቅሶ ነው?»

«የኑርዬ» አለ ሽታው።

«ኤሊው ኑርዬ? አላህ ይርሀመው! ስንቴ ክላክስ ነፍቼበት መሰለህ! ይኸው ሞቶም አስቆመኝ!» አለና ራሱ ሳቀ። ወዲያው ደግሞ ፊቱን በመዳፉ ጠረገ።

መስኡዳን አጽናንቶ ሊነሳ ሲል እጅጌውን ያዘችው። «ጉሙ እስኪገለጥ ተቀመጥ ልጄ።»

«ተሳፋሪ አለብኝ እናቴ።»

«እነሱም ይግቡ።»

ገቡ። ሻይ ቀረበ፣ ተምር ዞረ። አሰገደች የሙሽራዋን ታሪክ እንደ አዲስ ጀመረችላቸው፣ አሁን ሚዜዎቹ ሦስት ሦስት ወልደዋል። ጉሙም እስከ ዙህር፣ እስከ ቀትር ሶላት፣ ሳይገለጥ ቆየ፤ መስኡዳም እስከ ዙህር ያችን እጅጌ አልለቀቀችም።

እሺ፣ ይቺን አንዷን ከራሴ ነው የጨመርኳት። ጉሙ እስከ ዙህር አልቆየም። ሁለተኛው ሻይ ሳይቀዳ ተገልጦ ነበር። በሸራው ቀዳዳ ፀሐይ ጉልበታችን ላይ ወድቃ፣ ሐይቁ ወለል ብሎ ይታያል። ሁላችንም አየነው። በሩን ጀርባ ሰጥታ የተቀመጠችው መስኡዳ ብቻ ናት ያላየችው፣ ወይም አይታለች።

«ተገለጠ እንዴ?» አለችው፣ ጣቷ እጅጌው ላይ እንዳለ።

ሾፌሩ በበሩ አሻግሮ ሐይቁን አየው።

«ኧረ ገና ነው፣ እናቴ» አለና ብርጭቆውን እንደገና ዘረጋ።