የተጫነችው ቁልፍ

ዓርብ ከቅዳሴ ስወጣ፣ የሠራሁትን የድምፅ ማጉያ በጆንያ ጠቅልዬ ቀጥታ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ወደሚሸጥበት ወደ ራዎን መንገድ ወረድኩ። ለጸሎት ቤታችን መዘምራን የሠራሁት ነው። ሁሉም ወደደው። እኔ ግን ሴቶቹ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ አሸዋ የሚፈጭ ነገር ይሰማኛል። በፋሲካ ሰሞን ጓደኛዬ ፌሊሞን ቤት በእርሱ መለኪያ በላይኛው ቀጭን ድምፅ ስለካው፣ የድምፁ መዛባት ከሚሊዮን ሦስት እጅ ብቻ ሆነ። እንግዲያው የከዳኝ ጆሮዬ ነው ማለት ነው። ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ጆሮዬ ካለቀለት ይህን ሥራ እተዋለሁ። ከዚያ በፊት ግን የራሴን መለኪያ ገዝቼ ደግሜ ልየው አልኩ።

እዚያ እትዬ ሮዘንዳ ያገለገሉ መለኪያዎች ትሸጣለች። ሁለት አወጣችልኝ፤ አንዱ መስታወቱ የተሰነጠቀ ሽማግሌ፣ ሌላው ልክ የፌሊሞንን መለኪያ የመሰለ የሚያብረቀርቅ። ማጉያዬን በሁለቱም ሞከርን። በሰከንድ ሺህ ጊዜ በሚርገበገብ ድምፅ ሁለቱም ከሚሊዮን ስምንት እጅ አሉ። ወደ ሃያ ሺህ ስናወጣው ሽማግሌው ዘጠና አለ፤ የሚያብረቀርቀው ሦስት።

ከባዱን ፈተና ከቀላሉ አብልጦ የሚያልፍ ማጉያ አይቼ አላውቅም። ሴትዮዋ አንድ ነገር ነካክታለች ብዬ የሚያብረቀርቀውን ገመድ ነቀልኩ፣ ጀርባውን ገለበጥኩ፣ የብሎኖቹን ጭረት በጣቴ ዳሰስኩ። እሷ በእንጨት የተሰካ የተጠበሰ ሙዟን እየበላች ታየኛለች።

«ካዲዮ፣ ልትገዛው ነው የመጣኸው ወይስ ልታናዝዘው?»

መለኪያውን መልሼ ወደ ፊቱ አዞርኩት። ከፊት ለፊቱ አንዲት ትንሽ ቁልፍ ተጭና ገብታለች። ከሠላሳ ሺህ በላይ ያለውን ሁሉ የምታስቀር ማጣሪያ ናት፤ «ሽሽሽ» የሚለውን ትርፍ ድምፅ ለማጥፋት የተሠራች። የሃያ ሺህ ድምፅ መዛባት ደግሞ የሚታየው በአርባ ሺህና በስልሳ ሺህ ላይ ነው። ችሎቱ ሳይከፈት ምስክሮቹን አስወጥታለች።

«ይቺን ማን ተጫናት?»

«እኔ እንጃ። ከአንድ ከተዘጋ ፋብሪካ ይህን የመሰለ ሁለት ነው የገዛሁት፣ ሁለቱም ተጭነው ነው የመጡት። አንዱን ያንተው ፌሊሞን ወሰደው። ቁልፏ ስትለቀቅ ቁጥሩ ይዘላል፣ ገዢ ይሸሻል፤ ምን ልንካት?»

ለቀቅኳት። ሦስቱ ወጥቶ ወጥቶ ዘጠና ላይ ቆመ። ሽማግሌውም እዚያው ነበር።

የሁለት ወር ድካሜ ጥፋተኛ ሆኖ ፊቴ ተቀምጧል፤ እኔ ግን ደስ አለኝ። ጆሮዬ አልዋሸኝም። በውስጤ የከሰስኳትን ሴት ይቅርታ ልጠይቃት ፈልጌ አፈርኩና፣ የጠራችውን ዋጋ ሳልከራከር ሽማግሌውን ገዛሁት። እሱ እንዲህ ያለ ቁልፍ የለውም።

«የተሰነጠቀውን? ዛሬስ ጸሎቱ በዝቶብሃል» አለችኝ።

ከሱቁ ደጃፍ ላይ ሆኜ ፌሊሞን ጋ ደወልኩና ቁልፏን እንዲያያት ነገርኩት። ሄዶ ሲያይ ጠበቅኩት። ሲመለስ ድምፁ ዝቅ ብሏል።

«ተጭናለች» አለ። «በዚህ መለኪያ የስንቱን ሰው ማጉያ ደህና ነው ብዬ እንደሸኘሁ ታውቃለህ?»