ከአሸዋው ሥር ያለው ጠርዝ

ሸረፈዲን ያን ሰሞን መቀመጥ አልሆነለትም። ጎማ ሲነቅል ዓይኑ ግድግዳው ላይ ነው፤ ሲበላም ዓይኑ ግድግዳው ላይ ነው። መንገዱን ሊያሰፉ የመጡት ቀያሾች ሮቢት ደርሰው፣ አባቱ ድንጋይ በግመል እያስጫኑ በሠሩት ቤት ፊት ላይ በቀይ ቀለም መስቀለኛ ምልክት ካደረጉበት አሥራ አንድ ቀኑ ነው። ከአስፋልቱ መሀል ግራና ቀኝ አሥራ አምስት ሜትር የመንገዱ ነው ተብሏል። የእሱ ቤት አንድ ስንዝር ተኩል ገብቶ ተገኘ። ለአንድ ስንዝር ተኩል ድንጋዩ ሁሉ ሊናድ ነው፤ የፊቱ ግድግዳ ከተነሳ ጣሪያውን የሚሸከም የለማ።

ከመንገዱ ማዶ፣ ከእሱ ትይዩ የሚኖሩት እትዬ ደመቀች ምልክቱን ያዩ ለት ከበራቸው ላይ ሆነው ጮኹ።

"ሸረፈዲን፣ አጠመቁህ እኮ!"

"አስተግፊሩላህ! የክርስትና እናት ይሆኑኛላ እትዬ።"

"ልሁን እንጂ። አንተ ብቻ ጾሙን ቻለው።"

ሳቀ። በማግስቱ ራሱ ለካ። የጎሚስታ ነገር፣ እጁ ላይ የነበረው ከጎማ ውስጥ የሚወጣ ላስቲክ ነው፤ እሱን ቀጣጥሎ አሥራ አምስት ሜትር ቆረጠና ከመንገዱ መሀል ወደ ግድግዳው ዘረጋው። ላስቲኩ ግድግዳው ጋ ሳይደርስ አለቀ። ቤቱ ተረፈ! ሚስቱ ፈሪሀ በሩን ተደግፋ ታየው ነበር።

"ስትቆርጠው ወጥረኸው፣ ስትለካበት አላልተኸው... እንዲህማ ከሆነ የጎብዬ ከተማም ቤት ሁሉ ይተርፋል።"

ወደ ቀያሹ ሄደ። ሄኖክ የሚሉት ወጣት ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። "ሐሙስ ለመጨረሻ ጊዜ እለካለሁ" አለው። "ስህተት አለ ካልክ አሳየኝ። በወሬ ግን መስመር አላንቀሳቅስም።"

ሰኞ ረፋድ ላይ ከዋጃ በኩል ሽንኩርት ጭኖ የመጣ አይሱዙ ጎማው ፈንድቶ ማዶ፣ እትዬ ደመቀች ደጅ ፊት ለፊት ቆመ። ሸረፈዲን ክሪኩን ይዞ ተሻገረ። አሸዋ ላይ ክሪክ ስለሚሰምጥ ሁልጊዜ ከሥሩ ጣውላ ያደርግለታል። ዛሬ ጣውላውን ረስቶታል። ክሪኩ አንድ ስንዝር ያህል ሰመጠና ቀጥ አለ። መኪናው ተነሳ።

"እዚህ ሥር ምን አለ?" አለ ሸረፈዲን፣ ለራሱ።

"ከላይ ጎማ አለ! ፍጠን፣ ሽንኩርቱ ሊበሰብስብኝ ነው" አለ ሾፌሩ።

መኪናው እንደሄደ አካፋ አመጣ። ከአሸዋው ሥር ጥቁር ነገር ብቅ አለ። አስፋልት ነው። እየጠረገ ሄደ፤ ከሚታየው ዳር ሦስት ክንድ ሄዶ እውነተኛ ጠርዙን አገኘው። በየክረምቱ ከምዕራብ፣ ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ አሸዋውን እያመጣ የመንገዱን አንድ ወገን ውጦታል። ቀያሾቹ የለኩት የሚታየውን ነው። መሀል ያሉት መሀል አይደለም!

አሁን ላስቲክ አልያዘም። የናይሎን ገመድ አምጥቶ ከእውነተኛው መሀል ወደ ቤቱ ለካ። ቤቱ በአንድ ስንዝር ተኩል ከመስመሩ ውጪ ነው። "አልሐምዱሊላህ" አለ። ከዚያ ማንም ሳያዘው ያንኑ ገመድ ይዞ ዞረ፣ ወደ እትዬ ደመቀች ቤት።

አንድ ስንዝር ገብቷል።

ገመዱን እንደያዘ ቆመ። ግራ ቀኝ አየ። ከዚያ አካፋውን አንስቶ አሸዋውን መልሶ አለበሰው።

ለፈሪሀ አልነገራትም። ማክሰኞ የተለጠፈ ጎማ ፈትቶ መልሶ ለጠፈ። ተነሳ፣ ተቀመጠ። ግድግዳውን በእጁ ዳሰሰው። አባቱ ድንጋዩን ሲያስቀምጡ ጭቃ ያቀበለው እሱ ነበር። ሐሙስ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ዝም ካለ የራሱ ይፈርሳል፤ ከተናገረ የእሳቸው።

እትዬ ደመቀች ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ከፊቱ ቆሙ።

"ትናንት ደጄ ላይ ምን ቀበርክ?"

"ምንም።"

"ለምንም ሲባል አካፋ አይያዝም። ወርቅ ከሆነ እኩል ነን።"

ቀና ሳይል ነገራቸው። ክሪኩንም፣ ጠርዙንም፣ የሁለቱን ቤት ልክም። ሴትዮዋ ዞረው ደጃቸውን አዩ።

"ጎርፉማ ደጄ ድረስ ነው የሚያመጣው" አሉ። "በየዓመቱ ከደጄ እያፈስኩ መንገዱ ዳር የምደፋው እኔ ነኝ። ቤትህን ያስገባሁብህ በገዛ አካፋዬ ነው በለኛ።"

"ምን አጠፉ እትዬ? መልሼ ቀብሬዋለሁ። ያየ ሰው የለም።"

"እኔስ ሰው አይደለሁም?" ከትከሻው በላይ የድንጋዩን ግድግዳ አዩት። "ያንተ ድንጋይ ነው፣ አያፈገፍግም። የኔ ጭቃ ነው። ጭቃ ከለመኑት ያፈገፍጋል።"

"ክፍሏ ጠባብ ናት። አልጋው እንዴት ይሆናል?"

"እግሬን ወደ በር አድርጌ እተኛለሁ፣ እንደ ሬሳ። ካሁኑ ብለማመደው ምናለ?"

ረቡዕ ጎህ ሲቀድ የሰፈሩ ሰው ተጠራርቶ የእትዬ ደመቀችን የፊት ግድግዳ አፈረሰ። ቋሚዎቹ ተነቅለው አንድ ክንድ ወደ ኋላ ተተከሉ፤ ቆርቆሮው ታጠፈ። ፈሪሀ ቀሚሷን ሰብስባ ከሴቶቹ ጋር የጤፍ ጭድና ጭቃ ረገጠች። ሸረፈዲን በገመዱ ለካ፤ ደግሞ ለካ፤ ሦስተኛ ሊለካ ሲል እትዬ ደመቀች ገመዱን ነጠቁት። "ቤቱ እኮ አይሸሽም!" እሱ ግን ሰማዩን ነበር የሚያየው። ተራራው ላይ ጥቁር ደመና ተጭኗል። ጎርፍ ከመጣ አሸዋው የጠረጉትን ጠርዝ መልሶ ይቀብራል፤ ያልደረቀው ጭቃም ይቀልጣል። ነጎድጓዱ አጉረመረመ፤ ዝናቡ ግን በጎብዬ በኩል አለፈ።

ሐሙስ ሄኖክ ሲመጣ ጠርዙ ከዳር እስከ ዳር ተጠርጎ ይጠብቀው ነበር። ጎንበስ ብሎ በጫማው መታ መታ አደረገው። ሜትሩን ዘርግቶ አዲስ መሀል አገኘ። የሸረፈዲን ቤት ወጣ። ዞሮ ወደ ማዶ ለካ። የእትዬ ደመቀች ግድግዳ አንድ ስንዝር ያህል ከመስመሩ ውጪ ሆነ። ወጣቱ ግድግዳውን ነካና ጭቃ የያዘ ጣቱን አየ።

"ይሄ ርጥብ ነው።"

"እንግዳ ሲመጣ ቤት አይመረግም እንዴ?" አሉ እትዬ ደመቀች።

ሄኖክ ጣቱን በሱሪው ጠረገና መዝገቡ ላይ ጻፈ። ከመሄዱ በፊት በሸረፈዲን ግድግዳ ላይ ባለው ቀይ ምልክት ላይ ጥቁር ቀለም ቀባበት።

ከሳምንት በኋላ ከሰዓት ጎርፉ መጣ። የእትዬ ደመቀች አዲስ ግድግዳ ደርቆ ስለነበር ችሎ ቆመ፤ ደጃቸው ግን አሸዋ ሞላው። ውኃው ሳይጎድል ሸረፈዲን የእጅ ጋሪ እየገፋ ተሻገረ። ሴትዮዋ አካፋቸውን ሞልተው፣ እንደለመዱት ወደ መንገዱ ዳር ሊደፉ ክንዳቸውን አነሱ። እዚያው ላይ ቆሙ።

ጋሪውን አስጠጋላቸው።

"የት ልትወስደው ነው?" አሉት።

"እንጃ እትዬ። መጀመሪያ ይሙላ።"

ሲሞላ ወደ ወንዙ ገፋው። ሁለት ጊዜ ዞሮ የአስፋልቱን ጠርዝ አየ። ሦስተኛ ጊዜ ጋሪውን አቁሞ ተመለሰና በእግሩ ጠረገው።