ባዶ ጉድጓድ የሌለው ትሪ

ቱየት የማብቀያ ክፍሉን በር ከፍታ የመጀመሪያውን የችግኝ ትሪ ስትስብ ባዶ መሆን የነበረበት መስመር ሞልቶ አገኘችው። ክው ብላ ቀረች። ሌላ ትሪ ሳበች፤ ያም ያው ነው። ከመዝሪያ ማሽኑ ዘር ጣይ መርፌዎች አንዷን ለሙከራ በፕላስተር የደፈነችው ራሷ ናት። በዚያች መርፌ ሥር ያለፈው ጉድጓድ ሁሉ ዘር ሳይገባበት የኮኮናት ገለባ ሲለብስ በዓይኗ አይታለች። አሁን ግን የቲማቲሙ ቡቃያ በዚያው መስመር አንገቱን ቀልሶ ወጥቷል።

ማሽኑን የምታስኬደው ሴን ከኋላዋ ቆማለች። አፏ የማያርፍ ሴት ናት፤ ዛሬ ግን በሹክሹክታ ነው የምታወራው።

"ፕላስተሩ ለቆ ይሆናል" አለች ቱየት።

"አልለቀቀም፣ አይቼዋለሁ። አባባ ካይ ናቸው። ባታምኚኝም እሳቸው ናቸው።"

ቱየት ጎንበስ ብላ አንዱን ቡቃያ በጥፍሯ ጫር ጫር አደረገችው። ማሽኑ የሚዘራው ዘር ከጉድጓዱ መሐል ነው የሚበቅለው። ይሄ ግን ከጠርዙ ተነሥቶ በሰያፍ ወጥቷል። የማን ጣት እንዲህ እንደሚተክል እሷ ካላወቀች ማን ያውቃል? የአባቷ የቀኝ አመልካች ጣት በወጣትነቱ ማጭድ አግኝቷት ጎብጣ ነው የቀረችው።

አባቷ ካይ በዳላት ኮረብቶች ላይ ዕድሜውን ሙሉ ችግኝ ያፈላ ሰው ነበር። ቱየት ማሽኑን ስታመጣ ሰፈሩ ሁሉ ሽማግሌው ይቀየማል ብሎ ጠብቆ ነበር። እሱ ግን ዱካውን ይዞ መጥቶ ትሪው የሚወጣበት ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ማሽኑ መቼም ማሽን ነው፤ መርፌው ይደፈናል፣ ዘሩ ይጣበቃል፣ ትሪ በመጣ ቁጥር የተዘለለ ጉድጓድ አይጠፋም። ካይ የተዘለለውን በጣቱ እየወጋ ዘር ያስገባበታል። "እሱ ይረሳል፣ እኔ አስታውሰዋለሁ" እያለ ይቀልድ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት እዚያው ዱካው ላይ እንዳለ ሞተ።

ከተቀበረ ወዲህ እዚያ ቦታ ማንም አልተቀመጠም። ትሪዎቹ ግን አንድ ባዶ ሳይኖራቸው መውጣት ጀመሩ። መጀመሪያ ቱየት ደስ ብሏት ነበር፤ ማሽኑ ሥራውን የለመደ መሰላት። ከተራራው ማዶ ላሉት ትልልቅ እርሻዎች ችግኝ የሚገዛው ጋሽ ቶዋንም አይቶ ተገረመና እንዲህ ያለ ትሪ ከሰጠሽኝ ዓመቱን ሙሉ የምገዛው ካንቺ ብቻ ነው አላት። ግን አንድም ባዶ አልፈልግም አለ። ቃሏን ሊሰማ ዛሬ ከሰዓት ይመጣል። ከተማ ያለው ወንድሟ ደግሞ የቶዋንን ሥራ ካላገኘሽ ግሪንሃውሱን አፍርሼ ለቱሪስት ማረፊያ እሠራበታለሁ ብሏታል። የእሷ ነገር ሁሉ የተንጠለጠለው በዚህ ሥራ ነው።

እናቷን ወጥ ቤት አገኘቻት። አሮጊቷ በሩ ሥር ቁጭ ብላ የባሏን የፕላስቲክ ቦት ጫማ በጨርቅ ታደርቃለች። ቱየት ጫማውን አየችና ቆመች። ከውስጡ ውሃ እየወጣ ነበር።

"ማን አድርጎት ነው?" አለች።

"ማን ያደርገዋል! ጠዋት ጠዋት እርጥብ ሆኖ ነው የማገኘው። አደርቀዋለሁ፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። በሕልሜ ደግሞ እየመጣ ወገቤን ወገቤን ይለኛል።"

"እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ምን ብዬ ልንገርሽ? ደስ ብሎሽ ነበር እኮ።"

እንግዲህ የቱየት ጥፋት ይሄኔ ነው ፊቷ ድቅን ያለው። በእነሱ ዘንድ የአትክልት ጌታ ሲሞት አትክልቱም ሐዘን ይቀመጣል። በየዛፉ ላይ ነጭ ጨርቅ ይታሰርና ጌታህ ሞቷል፣ አትከተለው፣ አትጠብቀው ተብሎ ይነገረዋል። ካልተነገረው ዛፉ ይደርቃል ይላሉ፤ ሟቹም መንገዱን አይጀምርም። ካይ ሲሞት ለአቮካዶው ታሰረለት፤ ንቦቹ እንኳ ሳይቀሩ ተነገራቸው። እናቷ ጨርቁን ይዛ ወደ ግሪንሃውሱ ስትሄድ ግን መንገድ ላይ ያስቆመቻት ቱየት ናት። ይሄ የሚሸጥ ነው አለቻት፤ የሐዘን ጨርቅ ያየ ገዢ ችግኙን አይነካውም፣ ለቅሶን በመኪና ጭኖ ወደ እርሻው የሚወስድ ማን አለ? እናቷም ጨርቁን አጥፋ ይዛ ተመለሰች።

"እዚያ ቤት ውስጥ አባትሽ አልሞተም" አለቻት አሁን፣ ዓይኗን ከጫማው ሳታነሣ። "ማንም አልነገረውም።"

"ዛሬ ብቻ ይለፍ፣ እማዬ። ጋሽ ቶዋን መጥቶ ይሂድ፣ ከዚያ እነግረዋለሁ።"

"ነገ ደግሞ ችግኙ እስኪጫን ትያለሽ። በሕይወት ሳለ አንድ ቀን ዕረፍ ብለሽው ታውቂያለሽ?"

አንድም ቀን ዕረፍ አላለችውም። ማሽኑን ስታቆም እንኳ የምታቆመው ሞተሩ እንዳይግል ብላ ነበር። ግን ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የያዛት የቶዋን ሥራ ብቻ አልነበረም። ጠዋት ጠዋት ግሪንሃውሱ ስትገባ ብቻዋን ያለች አይመስላትም። ከነገረችው ይሄዳል። ከሄደ ደግሞ በቃ፣ ሄደ ማለት ነው።

ወጣችና ሴንን ማሽኑን አስነሺው አለቻት። ራሷ ዱካው አጠገብ ቆመች። መርፌዎቹ ዘር እየሳቡ ወረዱ፣ ትሪው ገለባውን ለብሶ መጣ። ጠራራ ፀሐይ ነው፤ ግሪንሃውሱ ውስጥ የማይታይ ነገር የለም። በደፈነችው መስመር ላይ ገለባው ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ሰረጎደ። በሰያፍ። ንፋስ አልነበረም። ቀጥሎ ያለው ጉድጓድ ሰረጎደ፣ ከዚያም ቀጥሎ ያለው። ሴን አፏን ያዘች።

ቱየት ግን መፍራቷን ረሳችው፤ ምክንያቱም ሥራው እየከበደው እንደሆነ አየች። አንዱን ይወጋና ይቆያል። ሌላውን በጣም ሳይጠልቅ ይተወዋል፣ እንደገና ይመለስበታል። የመጀመሪያውን ሳይጨርስ ሁለተኛው ትሪ መጣ፣ ሦስተኛው ከኋላው ገፋው። ጉድጓዶቹ መንቀጥቀጥ ጀመሩ፤ የደከመ ሰው እጅ ነው። ዘልላ ቀዩን ቁልፍ ተጫነችው። ማሽኑ ጸጥ አለ። እሱ ግን አልቆመም። በጸጥታው ውስጥ ገለባው ኮሽ ኮሽ ሲል ይሰማል።

"ወይኔ አባቴ" አለች።

ዞር ስትል እናቷ በሩ ላይ ቆማለች፤ ያቺ የታጠፈች ነጭ ጨርቅ ክንዷ ላይ ናት። ማልቀስ አላለቀሰችም፤ ጨርቋን ዘረጋችላት። ቱየት እየቀደደች በምሰሶዎቹ ላይ፣ በመደርደሪያዎቹ እግር ላይ፣ በማሽኑ ላይ አሰረች። የመጨረሻዋን ካሰረች በኋላ መናገር ያለባት እሷ ነበረች፤ የበኩር ልጅ ናት የምትናገረው። ወደ ዱካው ዞረች።

"አባዬ፣ ሞተሃል" አለች በስተመጨረሻ። "ዝናቡ ሳይገባ ነው የቀበርንህ። ይሄን ሁሉ ጊዜ ያልነገርኩህ እኔ ነኝ፣ ስለምፈልግህ ነው። ባዶውን ተወው። በቃህ፣ አባዬ። ሂድ።"

አንዲት ጉድጓድ በግማሽ ሰርጉዳ ቀረች። ሌላ አልተከተለም። ብዙ ጠበቁ። ቱየት መሬት ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪያልቅ አለቀሰች፤ እናቷ ራሷን ትዳብሳት ነበር።

ጋሽ ቶዋን ሲመጣ ሴን ማሽኑን መልሳ አስነሥታው ነበር። ሰውየው ገና ከበሩ ጨርቆቹን አይቶ እግሩን ሰበሰበ፤ ኮፍያውን አወለቀ። ከመደርደሪያው ላይ ያለውን የበቀለ ትሪ በሩቁ አየው። አንድም ባዶ የለውም። አሁን ከማሽኑ የወጣውን ደግሞ አየ፤ የተዘለለው እንዲታይ ሴን ገለባ ሳታለብስ ያወጣችው ነበር፣ እዚህም እዚያም ዘር የሌለበት ጉድጓድ ፍጥጥ ብሏል።

"እነዚህ ምንድን ናቸው?" አለ።

"ማሽኑ የዘለላቸው ናቸው። የቻልኩትን እሞላለሁ፣ ሁሉንም ግን አልችልም። አልዋሽዎትም፣ ጋሽ ቶዋን፤ ከእንግዲህ ባዶ ይኖረዋል።"

"ያንን ያሳየሽኝንስ ማን ነው የሞላው?"

"አባቴ።"

ሰውየው ጨርቆቹን ደግሞ ቀና ብሎ አያቸው።

"አባትሽ መቼ ነው የሞቱት?"

ቱየት ሐዘኑ የትናንት ነው፣ ትሪውንም በሕይወት ሳለ ነው የሞላው ብትለው ማንም አይታዘባትም ነበር፤ እናቷም ዝም ትላት ነበር።

"ያ ትሪ ገና ሳይዘራ" አለችና ባዶ ጉድጓድ ያለበትን ትሪ አንሥታ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።