ሁለት መሰላል

ዋሪክ ያስቀመጠው ቅድመ ሁኔታ አንድ ብቻ ነበር። «ያንን መመሪያችን የተጻፈበትን የጥንት ዊኪ ሰው ወደሚያነበው ቅርጸት ቀይሪልኝና እቆያለሁ። አለበለዚያ ደህና ሰንብቺ።» የሁዎንን ወንዝ የውሃ ከፍታ የሚከታተለውን ነጻ ፕሮግራም ከመሥራቹ ከዴዝመንድ ሞት በኋላ ይዘው የቀሩት እሱና ብራዮኒ ናቸው። ውስጡን የሚያውቀው ግን እሱ ነው፤ እሱ ከሄደ አበቃ።

ብራዮኒ ገጾቹን ወደ አዲሱ ቅርጸት የሚገለብጥ ፕሮግራም ራሷ ጻፈች። ማንም አላስተማራትም፤ አስተምሩኝ ብላም አልለመነችም። ሐሙስ ጠዋት አዲሱን ገጽ ለሕዝብ ከፍታ፣ ዳቦዋን ቬጂማይት የተባለውን ጨዋማ ማባያ ቀብታ ሳትጨርስ ስልኳ ጮኸ፤ ዋሪክ ነው።

«ብሪ፣ ዴዝ ሰው የሚሰድበው በትልቅ ፊደል ነው እንዴ?»

«የምን ስድብ? ቁርሴን ልብላበት!»

«የመለኪያ ማስተካከያን ገጽ ክፈቺ። ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ።»

ከፈተችው። የዴዝመንድ ቃል እንደ ርዕስ ደምቆ ተጋድሟል፦ «ይሄን ዋሪክ ጻፈው፤ እንደ ልማዱ ተሳስቷል። አርሜዋለሁ። እንዳትነግሩት፣ ይከፋዋል።» ከሥሩ ሌላ፤ ከዚያም ሥር ሌላ።

ወዲያው ገባት። በድሮው ዊኪ በሁለት መሰላል፣ በ«##» ምልክት፣ የሚጀምር መስመር ለአንባቢ አይታይም፤ ጸሐፊ ለጸሐፊ የሚተወው ማስታወሻ ነው። በአዲሱ ሁለት መሰላል ርዕስ ነው። ዋሪክ ደግሞ አንዴ የጻፈውን ተመልሶ ከፍቶ አያውቅም።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። አሁኑኑ አነሳዋለሁ።»

«አንሺው። ከእኔ ጭንቅላት ግን አይነሳም። ቀብሩ ላይ ‹አስተማሪዬ› ብዬ የተናገርኩት እኔ ነኝ'ኮ!»

«ስለሚወድህ ነው የደበቀህ።»

«አንቺ ብትሆኚ ፊት ለፊት ትዘረጥጪኝ ነበር፣ ምላሳም። እሱ ጀርባዬን መታ መታ ያደርገኝና ቤቱ ገብቶ ያርመኛል። አሁን የቱን እንደማውቅ፣ የቱን እንደማላውቅ በምን ልለይ?»

«እንድትቆይልኝ ብዬ'ኮ ነው የሠራሁት።»

«አውቃለሁ፣ ወዳጄ። ቆንጆ ነው የሠራሽው።» ዘጋው።

ከሰዓት በእጁ የነበሩትን የፕሮግራሙን የይለፍ ቃሎች ሁሉ ላከላት፤ ሰላምታም ስንብትም የለው። እሷ በአንዲት መስመር ትእዛዝ ርዕስ የሆኑትን ማስታወሻዎች ጠርጋ ጨረሰች። መጀመሪያውኑ ያቺን መስመር ብትጽፍ ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ።

አመሻሹ ላይ ከወንዙ ዳር አንድ ገበሬ ጻፈላት፦ ዝናቡ እየወረደ መለኪያው ለምን ቁልቁል ይቆጥራል? የመለኪያ ማስተካከያውን ገጽ ገለጠች። የዴዝመንድ እርማት እስከ መሃል ያብራራና እንዲህ ብሎ ያቆማል፦ «ከዚህ በኋላ ያለውን ዋሪክን ጠይቁት።»

ለዋሪክ ደወለች። ጠርቶ ጠርቶ ተቋረጠ።

«አለሽ?» ሲል ደግሞ ጻፈ ገበሬው። «ውሃው አጥሬ ጋ ደርሷል።»