የዓርብ ምሳ

«ጊንጥ ነው እላችኋለሁ፤ ጭራውን ነው የደበቀው» አሉ እትዬ ጌጤ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው። ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉ መስሏቸው ነበር እንጂ ግማሹ ድንኳን ሰምቷቸዋል።

አጠገባቸው የተቀመጠችው ጎረቤት አንገቷን አስግጋ ምሰሶው ላይ የተሰቀለውን የሟችዋን ፎቶ አየች። ገነት አፏን ከፍታ ትስቃለች። ከአንገቷ በታች እንደ ሕፃን ለሃጭ መጥረጊያ የታሰረ ነጭ ነገር አለ፤ መሐሉ ላይ እግሩ የበዛ ቀይ አውሬ ተስሏል።

«ምን ይሁነኝ ብላ ታስረዋለች?»

«እዚያ አገር ሃይማኖት ሲያስቀይሩ የሚያስሩት ይሆናላ! ማተቧ የታለ? ይታይሻል ማተብ?»

ውቢት የንፍሮውን ሰፌድ እያዞረች ሁሉንም ሰማች።

ሰልስት ነበር፤ የእህቷ አስከሬን ከዱባይ መጥቶ ከተቀበረ ሦስተኛው ቀን። የሞተችው በልብ ሕመም ነው የሚል ወረቀት አብሮ መጥቷል። ፎቶውን ከስልኳ የሰጠችው ራሷ ውቢት ናት። የአክስቷ ልጅ ታሪኩ ደብረ ታቦር ፎቶ ቤት ወስዶ አሳትሞ አመጣው። ገነት የምትስቅበት ፎቶ ይኸው አንዱ ብቻ ነበር። ከአንገት በታች ይቆረጥ ብሎ መንገር ለማንም ትዝ አላለውም።

ሁለቱም ዱባይ በሰው ቤት ይሠሩ ነበር፣ በተለያየ ሰፈር። እረፍታቸው ዓርብ ብቻ ስለሆነ የሚገናኙት በጾም ቀን ነበር። ውቢት ወደ አገሯ ልትመለስ ሁለት ቀን ሲቀራት ገነት የባሕር ምግብ ቤት ወሰደቻት፤ በየገበያ አዳራሹ ቅርንጫፍ ካላቸው፣ ስማቸው በአውቶቡስ ጎን ከሚለጠፍላቸው ወደ አንዱ። አስተናጋጇ ሳትጠይቃቸው ቀይ ሸርጣን የተሳለበትን ላስቲክ በሁለቱም አንገት ላይ አሰረች። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት አነጠፈች። ከዚያ ሳህን የለ፣ ምን የለ፣ አንድ ባልዲ ሽሪምፕ ከነቅርፊቱ ዘረገፈችበት።

«ውይ! ለከብት ነው እንዴ የሚያቀርቡልን?» አለች ውቢት።

ገነት የሳቀችው ያኔ ነው። ውቢት ፎቶ አነሳቻት።

«ብዪ እንግዲህ።»

«አንቺስ?»

«ዓርብ አይደል እንዴ? እኔ ዳቦና ሻይ አዝዣለሁ።»

«ታዲያ ለምን አመጣሽኝ?»

«ባለፍን ቁጥር በመስታወቱ ስታዪው አይሽ የለ! አምጪ፣ እኔ ልላጥልሽ፤ ይወጋሻል።»

ገነት ዳቦዋን በልታ ጨረሰችና መላጥ ጀመረች። ቅርፊቱን ከወረቀቱ ዳር በመስመር ትደረድረው ነበር፣ እናታቸው የባቄላ ልጣጭ እንደምትደረድረው። ውቢት ሁሉንም በላች።

«ለእማ እንዳትነግሪ» አለች ጣቷን እየላሰች። «ብትሰማ ትሞታለች።»

«ምኑን? እኔ ያየሁት ነገር የለም።»

ቄስ ይርጋ ሊጸልዩ ሲገቡ ወሬው ቀድሟቸው ነበር። ፎቶውን ጥቂት አዩትና ወደ ሟች እናት ዞሩ።

«ሙሉ፣ ሰው አንዳንድ ነገር ይላል። ልጅቱ በሃይማኖቷ እንደጸናች የምታውቂው አለ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ አባቴ? አምስት ዓመት ሙሉ በስልክ ድምፅ ብቻ ነው የማውቃት።» ሙሉ ምሰሶውን ይዛ ተነሳች። «አውርዱልኝ። ታሪኩ፣ አውርደው።»

ታሪኩ ወንበር ጎተተ።

ውቢት ሰው በተሰበሰበበት ድምፅ አውጥታ አታውቅም። ሙሾ ሲወጣ እንኳ ከንፈሯን ብቻ ነበር የምታንቀሳቅሰው። ሰፌዱን መሬት አስቀመጠች።

«ተወው፣ ታሪኩ። ጊንጥ አይደለም። የምግብ ቤት ነው። ልብስ እንዳይበላሽ ለገባው ሁሉ ያስሩለታል። ማተቧ ከሥሩ ነው ያለ።»

«ምን የሚበላበት ቤት ነው?» አሉ ቄሱ።

«የባሕር አውሬ።»

እዚህ ላይ ብታቆም የእሷን ነገር የሚጠይቃት አልነበረም።

«ዓርብ ነበር» አለች። «እሷ አልቀመሰችም፤ ዳቦና ሻይ ብቻ ነው የወሰደች። የበላሁት እኔ ነኝ። እሷ እየላጠች አበላችኝ።»

«ኧረ ጉድ!» አሉ እትዬ ጌጤ።

ቄስ ይርጋ መስቀላቸውን ከኪሳቸው አወጡ። «አንቺን ለብቻሽ አነጋግርሻለሁ» አሏትና ጸሎቱን ጀመሩ። ታሪኩ ወንበሩን መለሰ። ፎቶው በነበረበት ቀረ።

ጸሎቱ ሲያበቃ ውቢት ሰፌዱን አንስታ ከቆመችበት ቀጠለች። እትዬ ጌጤ አንድ እፍኝ ዘገኑና ወደ ጆሮዋ ተጠጉ።

«ግን… ይጥማል?»

«ጨው ይበዛዋል፣ እትዬ።»

እናቷ ዘንድ የደረሰችው በመጨረሻ ነው። ጎንበስ ብላ ሰፌዱን አቀረበች። ሙሉ ቀና ብላ አላየቻትም። ከስንዴው መሐል አንድ ባቄላ ለቅማ ቀስ ብላ ላጠችው።

«ሁሉንም እሷ ላጠችልሽ?»

«ሁሉንም።»

«እንኪ።»

ውቢት ሰፌዱን መሐላቸው አኑራ ተቀመጠችና እጇን ዘረጋች። ሙሉ ሁለተኛውን ላጠች፣ ሦስተኛውን። ልጣጩን ከሰፌዱ ዳር በመስመር ደረደረችው።