ምንጣሮ ውስጥ የገባው ቤት

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። እኔ ግን የምናገረው የሰማሁትን ሳይሆን በገዛ ዓይኔ ያየሁትን ነው። ሥራዬ ካርታ ነው፤ ቢሯችን ሲቀላ በሚባለው የከተማ ሰፈር፣ ከአባቴ ከሙህሲን ሱቅ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ነው። ድሮን ከሰማይ የለካውን ከፍታ እንቀበልና ዛፉን፣ ቁጥቋጦውን በፕሮግራም እናወጣለን። የሚቀረው ቤት ብቻ ነው። የመንገድ መሐንዲሶች ደግሞ በዚያ ካርታ ላይ ቤት በሌለበት በኩል መስመራቸውን ያሰምራሉ።

አንድ ጊዜ ከዶርዜ በላይ ያለች መንደር ለሥራ ደረሰችን። ለአባቴ ሱቅ ጋቢ የሚያመጡት ሸማኔው ጋሽ ደበሌ የሚኖሩት እዚያ ነው። ቤታቸው እንደ አገሩ ወግ ከቀርከሃ ተሸምኖ የደረቀ የእንሰት ኮባ የለበሰ፣ ቁመቱ ከሲቀላ ፎቆች የማያንስ ነው፤ ዙሪያውን እንሰት ከቦታል። የእኛ ፕሮግራም ቤት ብሎ የሚያውቀው ልሙጥ ቆርቆሮ የለበሰውን ብቻ ነው። ስለዚህ ቤቱን ከነእንሰቱ ጠርጎ አወጣው። ጓሮ ያለው ሽንት ቤት ግን ቆርቆሮ ስለለበሰ ሕንፃ ተብሎ ቀረ። መሐንዲሶቹም ሽንት ቤቱን ላለመንካት ብለው መንገዱን አጠማዘዙና ሰው በሚተኛበት ላይ አሳለፉት። ልጆች ተወልደው ያደጉበት ቤት በእነሱ ቋንቋ ምንጣሮ ሆነ፤ ከቁጥቋጦ ጋር በማሽን የሚጠረግ ማለት ነው።

ጋሽ ደበሌ ደጃፋቸው ላይ ችካል ሲተከል ደንግጠው ቢሯችን ድረስ ወረዱ። አለቃዬ ወንደሰን ወንበር እንኳን አልሰጣቸውም። ቆመው ነው የለመኑት።

«እኔ መንገድ አልጠላሁም፤ ትንሽ ብቻ ወደ ጓሮ ይጠጋልኝ» አሉት።

ወንደሰን ፕሮግራሙ ለማንም አያዳላም፣ አንዱን በእጅ ከነካካን ሁሉም ንኩልኝ ይለናል አለ። ቤቱን እኔ ልሣለው፣ አንድ ክብ ነው አልኩት። እምቢ አለ። ተቆጣሁ፣ ጮህኩ፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ቤቱን በዓይኑ ያላየ ሰው፣ ከአባያ ሐይቅ ማዶ ያለውን ተራራ በመስኮት እያየ ቡናውን የሚጠጣ ሰው፣ የለም ሲል የለም ሊሆን ነው?

እሱን ትቼ መንገዱን ለሚያሠሩት በየቀኑ ደወልኩ። ሰለቸኋቸው መሰለኝ፣ ውጡና በቦታው አረጋግጡ የሚል ትእዛዝ ላኩ። ደስ አለኝ። ለጋሽ ደበሌ ልነግራቸው ብደውል ኔትወርክ የለም።

ከወንደሰን ጋር ደርሰን ከመኪና ስንወርድ ማሽኑ የጎረቤታቸውን አጥር ጥሶ ቆሟል። ቤቱ የለም። በዚያ አገር ምስጥ የቤቱን ሥር ሲበላው ጎረቤት ተሰብስቦ ውስጥ ይገባና ቤቱን ሙሉውን አንሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ይሸከመዋል። ጠዋት ማሽኑ ሲቃረብ የመንደሩ ወንዶች እንደዚያ አደረጉ። ደልዳላ መሬት የቀረ ስላልነበረ ቁልቁል ወርደው ውሃ የሚያቁር ጎድጓዳ ላይ አስቀመጡት። ክረምት ሲገባ ከሥሩ መበስበሱ አይቀርም። ጋሽ ደበሌ እዚያው በራቸው ላይ ቆመው ከታች ሽቅብ ያዩናል። እኔም ዓይናቸውን ለማየት አፈርኩ።

ወንደሰን ግን ፊቱ በራ። ቤቱ የነበረበትን ባዶ ክብ ዞሮ ዞሮ ፎቶ አነሣ።

«ይኸው፣ ካርታው ልክ ነው፤ ቤት የለም። አንቺም ምስክር ነሽ» አለኝ።

ደሜ ፈላ። በክቡ መሐል ሦስቱ ጉልቻዎች እንደነበሩ አሉ። ሄጄ አጠገባቸው ተንበረከክሁ። እስከዚያች ሰዓት ኢንጂነር እያልኩ ስጠራው የኖርኩትን ሰው አንቱታውን ተውኩለት።

«ወንደሰን፣ ናማ እጅህን እዚህ አመድ ውስጥ ክተት» አልኩት።

ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከተተና ወደ መኪናው አፈገፈገ። ፍሙ ገና አልጠፋም ነበር።